ስምንት ወር ነው ያልኩበት ቀን

የመጀመሪያ ልጃችን በዚህ ምድር ላይ የኖረው አሥራ አንድ ቀን ነው። አሥራ አንዱንም ቀን ያሳለፈው ጅጅጋ ሆስፒታል፣ ከማዋለጃው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከእሱ በኋላ የተወለዱት ልጆቼ ታላቅ ወንድም እንደነበራቸው ያውቃሉ፤ እንዴት እንደሞተ ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔ የማይጠየቅ አባት ነኝ። ውሸት ቤቴ አይገባም ብዬ፣ በትንሹም በትልቁም እየገሠጽኩ ነው ያሳደግኳቸው። ስለዚህ ይህን መጻፍ ያለብኝ እኔው ነኝ።

ያን ጊዜ የእህል መጋዘን የሚዛን ሠራተኛ ነበርኩ። ወደ ጅጅጋ የመጣሁት ጦርነቱ ካለፈ በኋላ፣ ከተማው ፍርስራሹን ገና ሲጠርግ፣ በተሸካሚነት ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ጆንያ ላይ ከተጻፈው፣ ቁጥር የለየሁት ከጆንያ መመዘኛው፣ ከባስኩላው ላይ ነው። ቀስ በቀስ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ፤ ሸክሙን ትቼ ሚዛኑን ያዝኩ። ሰው «ባለ ሚዛን» ይለኝ ነበር። ግማሹ በአክብሮት፣ ግማሹ በፌዝ። ለወዳጅም ለአለቃም ሩብ ኪሎ አላሳልፍም ነበርና።

በዚያ ዓመት እህሉ በባቡር ይመጣ ስለነበር ከኅዳር ጀምሮ ሽንሌ ተመድቤ ከፉርጎ የሚወርደውን ስመዝን ከረምኩ። ለገና ዋዜማ ወደ ቤቴ መጣሁ፤ ጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው ተመልሼ ሄድኩ። ከዚያ እስከ የካቲት መጨረሻ ጅጅጋን አላየኋትም። ቀኖቹን እንዲህ ለይቼ የጻፍኳቸው በኋላ ነገሩ ሁሉ በእነሱ ላይ ስለተንጠለጠለ ነው።

ነሐሴ ውስጥ ባለቤቴን ወባ ያዛት። አራት ቀን ስትንቀጠቀጥ ቆይታ በአምስተኛው ምጥ መጣባት፤ በነሐሴ ሃያ አራት ወንድ ልጅ ወለደች። አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ነበር። እኔ በቀን መቶ ጆንያ የምመዝን ሰው፣ የገዛ ልጄ ክብደት ሲነገረኝ የመዘነው ሰው ተሳስቶ እንደሆነ ብዬ ራሴ ሚዛኑ ላይ ጎንበስ አልኩ። አዋላጇ ሲስተር ሐረር የተወለዱ፣ ጠና ያሉ፣ ምላሳቸው የማይታጠፍ ሴት ነበሩ።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ማሽላ አይደለም የምንመዝነው! ዞር በል፣ ትንፋሽህ ያበርደዋል» አሉኝ።

ክፍሏ ውስጥ አንድ የመስታወት ማሞቂያ ሣጥንና ሁለት የብረት አልጋዎች ነበሩ። መብራት ሲኖር ልጁ ሣጥኑ ውስጥ ይተኛል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በጥጥ ተጠቅልሎ፣ ግራና ቀኙ ሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ ይደረግለታል። በአፍንጫው የምትገባ ቀጭን ቱቦ ነበረችው። ባለቤቴ በየሁለት ሰዓቱ ጡቷን በተቀቀለ ብርጭቆ ውስጥ ታልባለች፤ ሲስተሯ ያን በመርፌ ቀድተው በቱቦው ቀስ ብለው ይለቁታል። ሌላው አልጋ ላይ ከቶጎጫሌ በኩል የመጣች ሶማሌ እናት ነበረች። የእሷም ሴት ልጅ ያለ ወሯ የተወለደች ነበረች፤ ሣጥኑ አንድ ብቻ ስለሆነ ልጅቷን ራቁቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ በሰፊው ቀሚሷ፣ በድሪያዋ፣ ሸፍና ውላ ታድር ነበር። እኔ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ጊዜ፣ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ፣ እገባለሁ። መንካት አልተፈቀደልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ወንድ ልጅ አባቱን የሚያውቀው በእጅ ሳይሆን በሥርዓት ነው ብዬ አምን ነበር።

ሲስተሯ ልጁን አገላብጠው አይተው የመጀመሪያው ቀን ላይ «ሰባት ወር ነው» አሉ። ባለቤቴም «አዎ፣ ሰባት ነው» አለች። ጎረቤት ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ወሩ ነው?» ነው። «ሰባት» ስትል የሁሉም ፊት ይፈታል። የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አይበረክትም ይባላልና። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ የማያምንበት ሰው ግን በዚያ ክፍል ደጃፍ ሲያልፍ አላየሁም። «ሰባት ከሆነማ ምን ትሆኛለሽ! የእኔ እህት የሰባት ወር ልጅ ዛሬ ወታደር ነው» ትላለች አንዷ። ሌላዋ ተቀብላ «እኔም ራሴ የሰባት ነኝ፤ ይኸው ከስቼ ታያለሽ?» ብላ ወፍራም ክንዷን ታሳያለች፤ ይሳቃል።

ባለቤቴ በእነዚያ ቀናት ያሳየችውን ትጋት ያን ጊዜ እንደ ተራ ነገር አየሁት። ገና የወባው ድካም ሳይለቃት፣ ወንበር ሳትደገፍ ተቀምጣ ብርጭቆዋን ትሞላለች። በመስታወቱ በኩል ታወራዋለች። የቤት ስም አውጥታለት ነበር፤ በዚያ ስም እየጠራች «ዛሬ ከትናንቱ አንድ ማንኪያ በለጥክ፤ አባትህ ሲመጣ ንገረው፣ እሱ ቁጥር ይወዳል» ትለዋለች። አንዲት ጎረቤት፣ ሕፃኑ ለክፉ ቢሰጥ እንዳይቆጫችሁ ቄስ ጠርታችሁ አስጠምቁት ብትላት «አርባ ቀኑን ራሱ ይደርሳል፤ በእግዚአብሔር ቤት ነው የሚጠመቀው» ብላ አሳፈረቻት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ወረደ። በስድስተኛው ቀን ሃያ ግራም ጨመረ። ሃያ ግራም ማለት አንድ እፍኝ እህል አይሞላም፤ ባለቤቴ ግን እልል ልትል ብላ ሲስተሯ አፏን ያዟት።

በሰባተኛው ቀን፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ መጋዘን ደጃፍ ላይ ከሠራተኞቹ ጋር ቆመን ነበር። የመጋዘኑ ጸሐፊ ቀልደኛ ሰው ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ግን ቀልድ ከመጣበት እናቱንም አይምርም።

«ጓድ ባለ ሚዛን፣ ልጁ ስንት ወሩ ነው አሉ?»

«ሰባት።»

ጣቶቹን አወጣና ወደኋላ መቁጠር ጀመረ። «ሐምሌ፣ ሰኔ፣ ግንቦት፣ ሚያዝያ፣ መጋቢት፣ የካቲት፣ ጥር… ጥር መጨረሻ ላይ አንተ ሽንሌ አልነበርክም እንዴ? ወይስ በባቡር ላክኸው?»

ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በሥራ ቦታ ስቄ ስለማላውቅ ሳቄ ለራሴም ጆሮ እንግዳ ነበር።

አልጠረጠርኳትም ብል እዋሻለሁ። ከመጋዘኑ በር እስከ አስፋልቱ ድረስ ጠርጥሬያታለሁ። ጥርጣሬው ከዚያ በላይ አልሄደም፤ የባለቤቴን ጠባይ አውቃለሁ። ቤት ገብቼ የጉዞ ወረቀቴን አወጣሁና ቆጠርኩ። ከገና ዋዜማ ብነሣ ስምንት ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀርቶታል፤ ከተመለስኩበት ቀን ብነሣ ሰባት ወር ተኩል። ከሰባት ወር ተኩል በታች የሚያደርሰኝ መንገድ አልነበረም፤ ሰው የሚቆጥረው ደግሞ ሙሉ ቁጥር ነው። በሐረር ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛሁት፣ ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና የሚናገር መጽሐፍ ነበረኝ። አወጣሁትና አገላበጥኩት። ሕፃን በማኅፀን በቆየ ቁጥር ሳንባው እየጠነከረ፣ የመኖር ዕድሉም እየጨመረ ይሄዳል ይላል። እንግዲህ ስምንት ከሰባት ይሻላል። ደስ አለኝ። እውነቱም የምሥራቹም በአንድ እጄ ገባ ብዬ አሰብኩ።

በማግሥቱ፣ ጳጉሜን አንድ፣ ጠዋት ስገባ ሁለት ጎረቤቶች ባለቤቴን ሊጠይቁ ተቀምጠዋል። ሲስተሯ ጠርሙስ ይሞላሉ። ባለቤቴ ብርጭቆዋን ይዛ ታልባለች። አንደኛዋ ጎረቤት እንደ ልማዷ «የሰባት ልጅ እኮ ብረት ነው» አለች።

«ሰባት አይደለም» አልኩ። «ስምንት ነው።»

ሲስተሯ ጠርሙሱን እንደያዙ ዞሩ። «ማን ጠየቀህ?»

«ሲስተር፣ እውነቱ ይነገር ብዬ ነው። እኔ በጥር መጨረሻ ሽንሌ ነበርኩ። ልጁ የገና ነው፤ ስምንት ወሩ ነው።»

«በል ጳጉሜንም ጨምርና ዘጠኝ በለው! ወይ ባለ ሚዛን! ቤት ውስጥ ሚስትህ ጥሬ ስትበደርም ባስኩላ ታወጣለህ?»

ጎረቤቶቹ አልሳቁም። አንደኛዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ መጽሐፌን ከብብቴ አወጣሁ። ገጹን ምልክት አድርጌበት ነበር። ቆሜ አነበብኩላቸው። ሳንባው፣ ክብደቱ፣ ዕድሉ። «ስለዚህ ስምንት መሆኑ ይሻላል፤ የሴት ወሬ አትስሙ፤ ደስ ሊላችሁ ይገባል» አልኩ።

ሶማሌዋ እናት ብቻ፣ አማርኛዋ የገበያ ቢሆንም፣ ከአልጋዋ ላይ ሆና ተናገረች።

«ዋላል፣ ለምን ትቆጥራለህ? እኛ ግመል እንኳ ጮክ ብለን አንቆጥርም። ልጅ ይቆጠራል?»

«ዋላል» በእነሱ ቋንቋ ወንድሜ ማለት ነው። እንደ ወንድም አልሰማኋትም። መሃይምነት ነው ብዬ በልቤ ናቅኋት።

ባለቤቴ ግን ቀና ብላም አላየችኝ። ብርጭቆውን ግማሽ ሳይሞላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ልብሷን ሰብስባ ቁልፏን ቆለፈች።

ከዚያ በኋላ በቤት ስሙ ስትጠራው አልሰማኋትም። «ልጁ» ማለት ጀመረች። «ልጁ ሙቀት የለውም።» «ልጁ ዛሬ አልተቀበለም።» ማለቡን አላቆመችም፤ ሲስተሯ «በይ እንጂ፣ በይ» ሲሏት ታልባለች፤ ነገር ግን ብርጭቆው ከታች ብቻ ይነጣ ጀመር። እኔ ድካም ነው አልኩ። አጥሚት እንዲያመጡላት አዘዝኩ። «ከወባ የተነሣች ሴት ናት፣ በደንብ ትብላ» ብዬ እንደ መካሪ ተናገርኩ።

ጳጉሜን ሁለት ከሰዓት በኋላ ስገባ በር ላይ ጠበቀችኝ። በእግሯ ቆማ ሳገኛት ተሻላት ብዬ ነበር።

«ቄሱን አምጣልኝ» አለች።

«ለምን? አርባ ቀኑን ይደርሳል አላልሽም?»

«እንዲያው አምጣልኝ።»

ያደረግኩትን ያወቅሁት ገና በዚያች ቅጽበት ነው። መጽሐፉ አልነገረኝም፤ ሲስተሯም ሲቆጡ አልገባኝም ነበር። ልጁን ለመቅበር እየተዘጋጀች ነበር። በእኔ አንደበት የተነሣ።

ቄሱ ጎበዝ ሰው ነበሩ፤ አልተከራከሩኝም። በሞት አፋፍ ላለ ሕፃን አርባ ቀን አይጠበቅም ብለው ጥላቸውን ይዘው ተከተሉኝ። ሲስተሯ ውኃውን አሙቀው በክርናቸው ለኩት፤ እንደገና ቀዘቀዘ ብለው ጨመሩበት። «አባ፣ በእጅዎ ጫፍ ብቻ፤ ለእግዜር ትንሽ ውኃ ይበቃዋል» አሉ። ቄሱ ሦስት ጊዜ በእፍኛቸው ጫፍ ራሱን ነኩት፤ ጸሎቱን ዝቅ ባለ ድምፅ አነበቡ። ሶማሌዋ እናት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆየች፤ አክብሮት ይሁን ኀዘን አልጠየቅኳትም። የክርስትና ስሙን እዚህ አልጽፈውም። እሱና እናቱ ያውቁታል።

በማግሥቱ ትንፋሹ ተለወጠ። ትንሿ ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባች ትወጣ ነበር፤ ከዚያ ትቆምና ሲስተሯ ውስጥ እግሩን በጣታቸው ሲመቱት እንደገና ይጀምራል። ሐኪሙ ሳንባው ነው አለ፤ መድኃኒት ተሰጠው። ጳጉሜን አራት ጠዋት ስገባ ከሣጥኑ አውጥተውት ነበር። ሲስተሯ እጄ ላይ አኖሩት።

ነክቼው አላውቅም ነበር። እጄ በሥራ ብዛት ያለ ሚዛን መገመት ይችላል፤ አምስት ኪሎ ቢሆን፣ አምስት መቶ ግራም ቢሆን፣ አይሳሳትም። ያን ቀን ግን ስንት እንደሆነ አላወቅሁም። ትንፋሹ ሲቆም ሲስተሯ እንደገና እግሩን መቱት። ሦስተኛ ጊዜ ሲቆም ተዉት። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ልቅሶዋን ወደ ውስጥ ነበር የምታለቅሰው፣ የሶማሌዋ ልጅ እንዳትደነግጥ።

ስለተጠመቀ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተቀበረ። ጸሐፊውም መጥቶ ነበር፤ ከሁሉም በላይ አካፋ የያዘው እሱ ነው። በቀልዱ አልተቀየምኩትም፤ እሱ ቀልዱን መጋዘን ደጃፍ ጥሎት ሄዷል፣ ተሸክሜ ሆስፒታል ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ቤት ውስጥ ለልቅሶ የመጡት ሴቶች ተራ በተራ ጠየቁ። «ስንት ወሩ ነበር?» እኔ በሩ አጠገብ ካሉት ወንዶች ጋር ተቀምጬ መልሷን ጠበቅሁ።

«ስምንት» አለች ባለቤቴ።

«እህ» አሉ። «ስምንት ከሆነማ። ምን ይደረጋል!»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፊታቸው ላይ አንድ ዓይነት ዕረፍት አየሁ። ምክንያት ተገኝቶ ነበር። ወባው ወቀሳ አልደረሰበትም፣ ሆስፒታሉም፣ እናቲቱም፣ እኔም። ያ የናቅሁት የሴቶች ወሬ ሁላችንንም ነፃ አወጣን፤ እኔም ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነፃነቱን ተቀበልኩ። አንድም ቃል አላረምኩም።

በሦስተኛው ቀን ዘመን ተለወጠ። ሰው ሁሉ በየቤቱ ስለሆነ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝም እል ነበር፤ ዝምታን ከጭምትነት እቆጥረው ነበርና። ያን ቀን ግን አልቻልኩም።

«ያን ዕለት ስምንት ያልኩት ለመጽሐፉ አልነበረም» አልኳት። «ጸሐፊው በሰው ፊት ቆጥሮብኝ ነው። ስሜን ፈርቼ ነው። መጽሐፉን ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ወሬው በማግሥቱ ደርሶኛል። ጅጅጋ ስንት ቤት ናት?»

«ታዲያ ለምን…»

«ሰባት ያልኩት ቆጠራ ስለማላውቅ መሰለህ? ባሌ የመጣበትን ቀን የምረሳ ሴት ነኝ? ከአንተ በፊት ነው ያወቅሁት። ሲስተሯ መጠኑን አይተው ሰባት ሲሉ ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ሰው ሁሉ ሰባት እያለ ቢጠራው ምናልባት ስምንቱ ረስቶት ያልፋል ብዬ ነው።»

ልመልስላት ፈለግሁ። ልጁን የገደለው ሳንባው ነው፣ ወር መቁጠር ሰው አይገድልም፣ ልል ነበር። ይህን ዛሬም አምናለሁ፤ ሐኪሙም ያንኑ ነው ያለው። ነገር ግን እሷ ልጁ የሞተው በእኔ ቃል ነው አላለችም። ያለችው ሌላ ነው። ሰባት ቀን ሙሉ አንድ ነገር እንደ ጥላ ከራሱ በላይ ይዛለት ነበር፤ እኔ መጥቼ አወረድኩት። ለቀሩት አራት ቀናት ልጇን እንደ ሟች እንድታየው አደረግኩ። እነዚያን አራት ቀናት ማን ይመልሳቸዋል? እውነት ተናግሬ ነበር። ለማን እንደተናገርኩት ስጠየቅ ግን ለእግዚአብሔር ነው ማለት አልችልም።

ማለቡን ስላቆመች ጡቷ ሞልቶ፣ ድንጋይ ሆኖ ነበር። በቀሚሷ ላይ ሁለት እርጥብ ክብ ይታያል። ሲስተሯ በጨርቅ አጥብቃችሁ እሰሩት ብለዋት ነበር፤ እሷ ግን ለሦስት ቀን ለማንም አልነገረችም።

«ጨርቅ ፈልግልኝ» አለች።

የልብስ ሳጥኑን ከፍቼ አንድ አንሶላ አወጣሁና በቁመቱ ቀደድኩት። ጀርባዋን አዞረችልኝ፤ እጇን ወደ ላይ አነሣች። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ጨርቁን በብብቷ ሥር አሳልፌ አንድ ጊዜ ዞርኩበት፣ ሁለተኛም። እንዳላሳምማት ፈርቼ አላላሁት።

«አጥብቀው» አለች።

አጠበቅሁት።

«ጨምር።»

ጉልበቴን ሰጥቼ ሳብኩት። ትንፋሿን ያዘች። ቋጠሮውን አሰርኩና እጄን እዚያው ጨርቁ ላይ አኖርኩ፤ እስክታነሣው ድረስ ጠበቅሁ፤ አላነሣችውም።